ከኋላው ሙጫ ያለው ወለል፣ እና «ይሄንማ ማንም ያስበዋል» የሚለው ክርክር

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሳይገባ የአክስቴ ልጅ ባሕር ዳር የተከራየቻትን ጠባብ ፀጉር ቤት ልታሳምር ተነሳች። ወለሉ ሊሾ ነው። ድሮ ጥሩ ሊሾ ነበር። አሁን ተሰነጣጥቋል፣ የተቆረጠ ፀጉር ስንጥቁ ውስጥ ይገባና በመጥረጊያም በእጅም አይወጣም። ሴራሚክ አማራት። ግን ቤቱ የኪራይ ነው፣ ነገ ልቀቂ ብትባል ሴራሚኩን ነቅላ አትሄድም። ስለዚህ ከኋላው ሙጫ ያለውን፣ ወረቀቱን ላጥ አድርገው መሬት ላይ የሚለጥፉትን የፕላስቲክ ንጣፍ ገዛች።

ሊያነጥፍ የመጣው ልጅ መጀመሪያ ካርቶኑን ከፍቶ ንጣፎቹን ደጅ ፀሐይ ላይ ደረደራቸው። «ትንሽ ይሙቁ እቴ፣ ሲሞቁ እሽ ብለው ይተኛሉ» አላት። ከዛ ሊሾውን በደረቅ ጨርቅ ሁለት ጊዜ ወለወለ፣ ጠርዙን በከተር ከረከመ፣ የኋላውን ወረቀት ጥጉ ላይ በጥፍሩ ያዝ አድርጎ ሸርርር አደረገው። መሬቱ ላይ አሳርፎ በጨርቅ በተጠቀለለ ጠርሙስ ከመሐል ወደ ዳር እየዳመጠ ሄደ። ከምሳ በፊት ጨረሰ።

እኔ ጥግ ይዤ ቡና እየጠጣሁ «በዚህ ነገር እኮ አሜሪካ ውስጥ ኩባንያዎች በጠበቃ ይካሰሳሉ» አልኳቸው። የአክስቴ ልጅ ሳቀች። «በምኑ? ምንጣፍ ጀርባ ላይ ሙጫ ቀባን ብለው? ይሄንማ እኔም አስበው ነበር!» ልጁ ቀና ብሎ አያት። «ኧረ ተይ እቴ። እኔ ስንት ዓመት መሬቱን ማስቲሽ ስቀባ፣ ከሽታው የተነሳ ጭንቅላቴ ሲዞር ኖሬ አላሰብኩትም፤ አንች በየት በኩል ታስቢዋለሽ?»

በቃ፣ ክርክሩ ይሄው ነው። ጠበቆቹ በብዙ መቶ ገጽ የሚጽፉት ነገር ሲጨመቅ የእሷና የእሱ ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። አንዱ ወገን «ማንም ያስበዋል» ይላል። ሌላው «ታዲያ ለምን እስከዛሬ ማንም አላሰበውም?» ይላል። ቀሪው ዝርዝር ነው፤ ግን ዝርዝሩ ደስ ይላል፣ ስለዚህ ልግባበት። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ ስለ እኛ አገር አዋጅ ሳወራ ብቻ ወደ እኛው እመለሳለሁ።

ፓተንት ማለት ከመንግሥት ጋር የሚደረግ ውል ነው በሉት። ፈጣሪው ነገርየውን እንዴት እንደሠራው ሳይደብቅ ጽፎ ለሕዝብ ይገልጣል። መንግሥት ደግሞ ለተወሰነ ዓመት ሌላ ሰው ያለ እሱ ፈቃድ እንዳይሠራውና እንዳይሸጠው ይከለክልለታል። አሜሪካ ውስጥ ማመልከቻው ከገባበት ቀን ጀምሮ 20 ዓመት ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ነገሩ የሁሉም ይሆናል። ይሄን ክልከላ ለማግኘት ነገሩ አዲስ መሆን አለበት፣ ጥቅም ላይ የሚውል መሆን አለበት፣ እና ሦስተኛው፣ ሰውን የሚያጣላው፣ በሙያው ላለ ሰው «ግልጽ» መሆን የለበትም።

አዲስ መሆንና ግልጽ አለመሆን ይለያያሉ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚደናገረው። አዲስ አይደለም ለማለት ያንኑ ነገር፣ ከነምኑም፣ በአንድ ቦታ ቀድሞ ተሠርቶ ወይም ተጽፎ ማግኘት አለብህ። ግልጽ ነው ለማለት ግን ከዚህ አንድ ቁራጭ፣ ከዛ ሌላ ቁራጭ አምጥተህ «እነዚህን ሁለቱን የሚያውቅ ባለሙያ ገጣጥሞ እዚህ ይደርስ ነበር» ትላለህ። በአንድ ሰነድ ውስጥ የለም ማለት ነው፤ ግን እዚህና እዚያ ተበትኖ አለ።

ጎጃም ላደገ ሰው ይሄን ለማስረዳት ቅኔ ቤት ይበቃል። ዋሸራ በሉት፣ ጎንጅ በሉት፣ ዲማ በሉት። ተማሪው ጫካ ገብቶ ደበሎውን ተከናንቦ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ሲሞላለት መጥቶ ለየኔታ ይነግራል። ከሚናገረው ቃል አንዱንም እሱ አልፈጠረውም፤ ግሱን ሁሉ ሸምድዶ ነው የመጣው። ታዲያ ቃሉ ሁሉ የታወቀ ስለሆነ «ይሄ ምኑ አዲስ ነው» የሚለው አለ? የለም። የሚታየው ቃሎቹ ተገናኝተው ያወጡት ምሥጢር ነው። ትናንት የተባለውን ቅኔ ደግሞ ቢያመጣ አይቆጠርለትም፣ ቅኔ አይደገምምና። ይሄ «አዲስ አይደለም» የሚለው ነው። በሰው ቅኔ ላይ የጊዮርጊስን ስም አውጥቶ የሚካኤልን ቢያስገባስ? በቃል ደረጃ አዲስ ነው፣ እንደዛ ተብሎ አያውቅም። ግን የኔታ ዝም ብለው ካሳለፉት ይገርመኛል። ይሄኛው «ግልጽ ነው» የሚለው ነው።

በዚህ ነገር ላይ የአሜሪካ ፍርድ ቤት የሰጠው የመጀመሪያ ትልቅ ውሳኔም ከስም ቅየራው ጋር ይመሳሰላል። ነገሩ የበር እጀታ ነው፣ ዓመቱ 1851። ፓተንት ያወጡበት ሰዎች እጀታውን ከሸክላና ከፖርሴሊን ሠሩት። ቅርጹ የነበረ ነው፣ ከብረቱ ዘንግ ጋር የሚያያዝበት መንገድም የነበረ ነው፤ ድሮ በእንጨትና በብረት ይሠራ የነበረውን በሸክላ ነው የቀየሩት። ፍርድ ቤቱ ይሄ የጎበዝ የእጅ ባለሙያ ሥራ ነው፣ የፈጣሪ ሥራ አይደለም አለ። ሐሳቡ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1952፣ በሕግ አንቀጽ ሆኖ ተጻፈ።

ለወለላችን ክርክር ግን ከእጀታው ይልቅ እርሳሱ ይቀርባል። ሁላችንም ትምህርት ቤት ጫፉ ላይ ላጲስ ያለው እርሳስ ይዘናል፣ ግማሾቻችን ላጲሱን በልተነዋል። በ1858 አንድ ሰው እርሳስና ላጲስን አንድ ላይ አድርጎ አሜሪካ ውስጥ ፓተንት አወጣበት። ሌላ ነጋዴ ያንን ፓተንት ገዝቶ እርሳስ አምራቹን ፋበርን ከሰሰ። በ1875 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፓተንቱን ጣለው። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ እርሳሱ እንደ ድሮው ይጽፋል፣ ላጲሱ እንደ ድሮው ያጠፋል። አንድ ላይ ስለሆኑ አንዱ በሌላው ላይ ያመጣው ነገር የለም። ምቾት አለው፣ አዎ፤ ኪስ ውስጥ ሁለት ነገር ከመያዝ አንድ መያዝ ይሻላል። ምቾት ብቻውን ግን ፓተንት አያሰጥም።

የአክስቴ ልጅ ጠበቃ ብትሆን ይሄንን ይዛ ነበር የምትቀርበው። ንጣፉ የታወቀ ነው። ሙጫው የታወቀ ነው። ከኋላው ወረቀት ያለው ፕላስተርና ስቲከር በየሱቁ ይሸጣል። ሁለቱ ሲገናኙ ንጣፉ ንጣፍ ነው፣ ሙጫው ሙጫ ነው። እርሳስና ላጲስ!

ጠንካራ ክርክር ነው። እንዲያውም «ንጣፍ ጀርባ ላይ ሙጫ መቀባት የእኔ ነው» ብቻ የሚል ፓተንት ቢኖር እኔም ከእሷ ጋር ነኝ።

አሁን ደግሞ ወደ አንጣፊው እንምጣ። ሙጫን ሥራ ቦታ ላይ መቀባትና ፋብሪካ ውስጥ ቀብቶ መላክ የተለያየ ጣጣ አለው። ማስቲሽ ስትቀባ ሙጫው የሚኖረው ለደቂቃዎች ነው፤ ቀብተህ፣ ትንሽ ጠብቀህ፣ ትለጥፋለህ። ፋብሪካ የተቀባው ሙጫ ግን ካርቶን ውስጥ ለወራት ሳይደርቅ፣ ሳይፈስ፣ ከጎረቤቱ ጋር ሳይጣበቅ መኖር አለበት። እስቲ አንዱን ካርቶን ከአዲስ አበባ እንጫነው። ጎሐ ጽዮን ደርሶ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፣ ሸራ ሥር ይግላል። ደጀን ወጥቶ ደብረ ማርቆስ ሲደርስ ብርዱ ይቀበለዋል። ባሕር ዳር ሲራገፍ ደግሞ ሌላ ካርቶን ይጫንበታል፣ ከላዩ ሌላ፣ ከላዩ ሌላ። የታችኛው ሙጫ ይሄን ሁሉ ችሎ፣ የሚገዛው ሰው ወረቀቱን ሲልጥ ልክ እንደ ዛሬ መያዝ አለበት። ወረቀቱ ራሱ እንዲሁ ወረቀት አይደለም፤ ሙጫው እላዩ ላይ ተጣብቆ እንዳይቀር ብዙ ጊዜ ሲሊኮን ይቀባል።

ሌላም አለ። የፕላስቲክ ወለል ለስላሳ የሚሆነው ውስጡ ዘይት መሰል ማለስለሻ ስለሚገባበት ነው። ያ ማለስለሻ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ከዓመት ዓመት ቀስ እያለ ወደ ሙጫው ይሰርጋል፣ ሙጫውን ያላላዋል፣ አንድ ቀን ጥጉ ብድግ ይላል። ከታች ደግሞ ሲሚንቶው አለ። ሲሚንቶ እርጥበት ይስባል፤ እርጥበቱ ሲወጣ የሲሚንቶውን አልካሊ ይዞ ይወጣና ሙጫውን ከሥር ይበላዋል። ስለዚህ መሐል ያለው ስስ ሙጫ ከላይም ከታችም ጠላት አለበት።

እና ሲነሳስ? ተከራይ ነው እኮ የሚገዛው። ጥብቅ ብሎ ከያዘ ሲነቀል ሊሾውን ይዞ ይነሳል፣ ከላላ ደግሞ ወንበር ሲጎተት አብሮ ይሄዳል። የሚይዝ ግን እሽ ብሎ የሚለቅ ሙጫ መሥራት ከሚያስቡት በላይ ያስቸግራል። እዚህ ላይ የሦስት ኤም ኩባንያ ታሪክ ትዝ ይለኛል። በ1968 ስፔንሰር ሲልቨር የተባለ ኬሚስታቸው ኃይለኛ ሙጫ ፍለጋ ላይ እያለ ደካማ ሙጫ አገኘ። ይይዛል፣ ግን ይላጣል፣ እንደገናም ይይዛል። ለምን ጥቅም እንደሚውል ግን ማንም አላወቀም። ከዓመታት በኋላ የሥራ ባልደረባው አርት ፍራይ ከመዝሙር መጽሐፉ እየወደቀ ያስቸገረውን ምልክት ማድረጊያ ወረቀት በዚያ ሙጫ ለጠፈው፤ ያ ነገር በ1980 ፖስት ኢት ሆኖ ገበያ ላይ በሰፊው ወጣ። ወረቀት የታወቀ፣ ሙጫው እነሱው ቤት ቁጭ ብሎ የኖረ። ሁለቱ የሚጋጠሙበትን ጥያቄ የሚያመጣ ሰው እስኪገኝ ግን ዓመታት አለፉ።

እንግዲህ «ግልጽ ነው» ሲባል ለማን ነው ግልጽ? ለአክስቴ ልጅ አይደለም። ለኖቤል ተሸላሚም አይደለም። ሕጉ አንድ የሌለ ሰው ይፈጥራል፦ በዚያ ሙያ መካከለኛ ችሎታ ያለው ሰው። ይሄ ሰው ገራሚ ነው። በሙያው የተጻፈውን ሁሉ፣ የጃፓኑንም የጀርመኑንም፣ አንብቦ ጨርሷል ተብሎ ይታሰባል፤ ግን ሊቅ አይደለም። የየኔታን መጻሕፍት በሙሉ ያነበበ፣ ራሱ ግን ቅኔ የማይሆንለት ደቀ መዝሙር በሉት። ተከራካሪዎቹ መጀመሪያ የሚጣሉት በዚህ ሰው ማንነት ነው። ወለል አንጣፊ ነው ወይስ የሙጫ ኬሚስት? አንጣፊ ከሆነ ማለስለሻ ወደ ሙጫ መስረጉን አያውቅም፣ ስለዚህ መፍትሔው አይታየውም። ኬሚስት ከሆነ ያ ለእሱ የጠዋት ቡና ነው። ፓተንቱን ያወጣው ወገን ሰውየውን ዝቅ ማድረግ ይፈልጋል፣ የሚቃወመው ከፍ። አንዳንዴ መዝገቡ ገና እዚህ ጋ ያልቃል።

ከዛ የ1966ቱ የማረሻ ጉዳይ ይመጣል። እውነት ማረሻ ነው። ግራሃም የተባለ ሰው ድንጋያማ መሬት ላይ የትራክተር ማረሻ ክንድ እየተሰበረ ሲያስቸግር ድንጋይ ሲመታ ተነስቶ የሚመለስ ማያያዣ ሠራ፣ በ1950 ፓተንት አገኘ። በኋላ አሻሻለውና በ1953 ሁለተኛ ፓተንት አገኘ። ማሻሻያው ምንድነው? ክንዱ ከብረት ሳህኑ በላይ የነበረውን ከታች አዛወረው፣ በዚህም ክንዱ በደንብ ይለጠጣል። የእርሻ መሣሪያ አምራቹን ጆን ዲርን ከሰሰ። አንድ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ከዚያ በፊት በሌላ ክስ ፓተንቱ ይጸናል ብሎ ነበር፣ ሌላኛው አይጸናም አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አይጸናም ብሎ ዘጋው፤ ክንዱ እንዲለጠጥ የፈለገ ባለሙያ ገልብጦ ለመሞከር ብዙ ማሰብ አያስፈልገውም ነው ነገሩ። ሞፈር ሲሰበርበት ያየ ገበሬ በግራሃም ሊያዝን ይችላል፣ እኔም ትንሽ አዝኛለሁ።

ዋናው ግን ፍርዱ ያስቀመጠው አካሄድ ነው፣ እስከዛሬም ይሠራበታል። ቀድሞ ምን ነበር? አዲሱ ከነበረው በምን ይለያል? ባለሙያው የችሎታ ደረጃው ምንድነው? ከዛ ደግሞ ከገበያው የሚመጣ ምስክር ይታያል። ሰው ለብዙ ዓመት ይሄን መፍትሔ ሲፈልግ ነበር? ሌሎች ሞክረው አልሆነላቸውም? ሲወጣ ተቸበቸበ? ተፎካካሪው ቀዳው?

በዚያው ቀን የተፈረደ ሌላ መዝገብ ደግሞ በተቃራኒው ሄደ። አዳምስ የተባለ ሰው ውኃ ሲጨመርበት የሚነሳ ባትሪ ሠርቶ ነበር። ባትሪው የተሠራባቸው ማግኒዥየምም ኩፐረስ ክሎራይድም የታወቁ ነገሮች ናቸው። ለአሜሪካ ጦር ሲያሳይ ባለሙያዎቹ አይሠራም አሉት። ኋላ ግን ጦሩ ራሱ ተጠቀመበት፣ ያውም ሳይነግረው። ክሱ ሲመጣ መንግሥት «ግልጽ ነበር» ብሎ ተከራከረ። ይገርማል እኮ፤ ትናንት አይሆንም ያልከውን ዛሬ ማንም ያውቀዋል ትላለህ? አዳምስ አሸነፈ። በሙያው ያሉ ሰዎች «ተው፣ አይሆንም» ብለው የሸሹትን መንገድ ሄዶ ያገኘ ሰው ብርቱ ማስረጃ አለው።

ወለል ውስጥም እንዲህ ያለ ግልበጣ አለ። ኢንተርፌስ የተባለው የምንጣፍ ኩባንያ ታክታይልስ የሚላት ትንሽ ካሬ ተለጣፊ አለችው። በአራት ምንጣፎች ጥግ ሥር ትገባለች። ሙጫዋ ወደ ላይ ነው የሚያየው! ምንጣፎቹን እርስ በርስ ታያይዛለች፣ ከመሬቱ ጋር ግን አትጣበቅም፤ ጠቅላላው ምንጣፍ በክብደቱ ተኝቶ ይቀመጣል። የአክስቴ ልጅ ወለል ላይ ሙጫው ከመሬቱ ጋር ነው ትግሉ። እዚህ ከመሬቱ ጋር ጉዳይ የለውም። ይሄ ግልጽ ነበር ወይስ አልነበረም ብዬ አልፈርድም፣ ግን አንጣፊያችን ስልኬ ላይ ሲያየው «ኧ?» ብሎ መልሶ መላልሶ አየው።

አሁን ወደ ከባዱ። ዳኛው ነገሩን የሚያየው ከተሠራ በኋላ ነው። እንቆቅልሽ የተጫወተ ሰው ይሄን ያውቃል። «እንቆቅልህ?» «ምን አውቅልህ?» ተብሎ፣ ተጨንቀህ ተጠበህ፣ ሲያቅትህ «አገር ስጠኝ» ትባላለህ። ጎጃምን ትሰጣለህ። ጠያቂው ጎጃም ገብቶ፣ ማሩን ልሶ፣ ጤፉን በልቶ፣ ከጠገበ በኋላ መልሱን ይነግርሃል። ስትሰማው «እህ! እሱማ ቀላል ነው!» ትላለህ። ቀላል ከነበረ ጎጃምን ለምን ሰጠህ? መልሱ ከተነገረ በኋላ ጥያቄው ከባድ እንደነበር ማስታወስ አይቻልም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ለዚህ ሲባል የፓተንት ይግባኝ የሚያየው ፍርድ ቤት አንድ ጠባቂ ሕግ ሠርቶ ነበር። ሁለት የታወቁ ነገሮችን ማጋጠም ግልጽ ነው የምትል ከሆነ «አጋጥሟቸው» የሚል ፍንጭ ከየት እንደመጣ አሳየኝ ይላል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ግን እየጠነከረ ሄደ። በ2007 የመኪና ነዳጅ ፔዳል ላይ ኤሌክትሮኒክ ሴንሰር የመግጠም ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ኬኤስአርና ቴሌፍሌክስ የተባሉ ሁለት ኩባንያዎች ነበሩ ተከራካሪዎቹ። ዳኞቹ በአንድ ድምፅ ሕጉን አላሉት። ባለሙያው ማሽን አይደለም፣ እሱም የራሱ ጭንቅላት አለው፣ ሁሉ ነገር በጽሑፍ እስኪነገረው አይጠብቅም አሉ። ከዛ ወዲህ ፓተንት መጣል ቀለለ። ለወለል ዓይነቱ ነገር ይሄ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ምክንያቱም ወለልና ሙጫን አጋጥሙ የሚል ሰነድ ባይገኝ እንኳ «የአንጣፊን ጊዜ ለመቆጠብ ማንም ይሞክረዋል» ማለት ይበቃ ይሆናል።

አውሮፓውያን ደግሞ በሁለት ቃል ይለዩታል፣ በአማርኛም ያምራል፦ ይችል ነበር፣ ያደርገው ነበር። አንጣፊው ሙጫውን ጀርባው ላይ መቀባት ይችል ነበር፤ እጅ አለው፣ ብሩሽ አለው። ጥያቄው ያ አይደለም። የገጠመውን ችግር ይዞ ቢነሳ ወደዛ የሚወስደው ምክንያት ነበረው ወይ? ብዙ ሰው በቡና ሰዓት ክርክር የሚረታው «ይችል ነበር» ላይ ቆሞ ነው።

እዚህ ላይ ጠበቃ ያልሆነ ሰው የማያየው አንድ ነገር አለ። ክርክሩ በዕቃው ላይ አይደለም፣ በጽሑፉ ላይ ነው። እያንዳንዱ ፓተንት መጨረሻው ላይ «የእኔ ይሄ ነው» የሚል ዝርዝር አለው። ልክ እንደ መሬት ወሰን። «ከኋላው ሙጫ ያለው ወለል» ብለህ ከጻፍክ ወሰንህ ሰፊ ነው፣ ግን ከዚህ በፊት የነበረ ሁሉ ውስጡ ይገባልና በቀላሉ ይወድቃል። «ይሄን ዓይነት ሙጫ፣ በዚህ ውፍረት፣ በሙጫውና በፕላስቲኩ መሐል ማለስለሻ የሚያግድ ይሄን ዓይነት ስስ ሽፋን ያለው» ካልክ ለመጣል ይከብዳል። ግን ጎረቤትህ ሽፋኑን በሌላ ቀይሮ በአጥርህ ጎን ያልፋል። ውፍረቱን ብቻ ጨምሬ ቀንሼ አሻሻልኩ ማለትም ብዙ አያስኬድም። በርበሬው ላይ ኮረሪማ ትንሽ ጨምሬያለሁ እንደማለት ነው፤ ያልተጠበቀ ውጤት ካላሳየህ የማንኛዋም ባለሙያ ሙከራ ነው ይሉሃል።

የት እንደምትከራከርም ለውጥ አለው። አሜሪካ ፍርድ ቤት ሄደህ ፓተንት ለመጣል ጠንከር ያለና የማያሻማ ማስረጃ ማቅረብ አለብህ። ከ2012 ጀምሮ ግን ፓተንት ቢሮው ራሱ ዘንድ ያለው ችሎት ሚዛኑ ትንሽ ካጋደለልህ ይበቃዋል። ስለዚህ ብዙ የተከሰሰ ሰው ወደዛ መሄድን ይመርጣል።

የእኛስ? እኛም አዋጅ አለን፣ ቁጥር 123/1987። እሱም አዲስነትን፣ ፈጠራዊ ብቃትን እና በኢንዱስትሪ መዋልን ይጠይቃል፤ ፈጠራዊ ብቃት የሚለው ያው በሙያው መካከለኛ ዕውቀት ላለው ሰው ግልጽ ያልሆነ ማለት ነው። ፓተንቱ ለ15 ዓመት ይሰጣል፣ ፈጠራው አገር ውስጥ እየተሠራበት ከሆነ 5 ዓመት ይጨመራል። ደስ የሚለኝ ግን የአነስተኛ ፈጠራው ክፍል ነው። እዛ ነገሩ አዲስ ይሁን፣ በኢንዱስትሪ ይዋል እንጂ ያ ግልጽ ነው አይደለም የሚለው ጣጣ የለም። የሚሰጠው የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፍኬት ይባላል፤ 5 ዓመት፣ ሲታደስ ሌላ 5። ቡሬ ላይ ወይም ፍኖተ ሰላም ላይ ጋራዥ ውስጥ አንድ ነገር የሚያሻሽል ልጅ ወደ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሲሄድ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ይሄኛውን ነው ብዬ አስባለሁ፤ ዕቃውን ለሁሉ ሰው ከማሳየቱ በፊት ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። እና ፓተንት አገር አለው። አሜሪካ የተመዘገበ እዚህ ካልተመዘገበ ባሕር ዳር ላይ ማንንም አይከለክልም።

ነሐሴ ላይ ፀጉር መታጠቢያው አጠገብ ያሉት ሁለት ንጣፎች ጥጋቸው ተነሳ። ልጁ መጣ፣ አነሳቸው፣ ሊሾው ከሥር ረጥቧል። «ሲሚንቶው ላቡን ነው የሚያወጣው» አለ። ሁለት ቀን ክፍት አድርገው እንዲያደርቁት ነግሯት ሄደ። ሲመለስ አንድ ቆርቆሮ ይዞ ነበር። ከቆርቆሮው በብሩሽ እያጠቀሰ ሊሾውን ስስ አድርጎ ቀባ፣ እስኪደርቅ ጠበቀ፣ ከዛ አዲስ ንጣፍ ለጠፈበት። እስካሁን አልተነሳም።

«ታዲያ ይሄስ ፓተንት ያሰጣል?» አለችኝ የአክስቴ ልጅ፣ ዓይኗ እሱ ላይ ነው።

እኔ መልስ ሳልሰጥ እሱ ቀደመኝ። «ኧረ ምን ያሰጣል፤ ቀለም ቀቢዎች እርጥብ ግድግዳ ላይ ከቀለሙ በፊት የሚቀቡት ነው። ከእነሱ ነው ያየሁት።»

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ቀድሞ የነበረው ምን እንደሆነ፣ ከየት እንዳመጣው፣ ለምን እንዳጋጠመው በሁለት ዓረፍተ ነገር ተናዘዘ። መዝገቡን ራሱ ከፍቶ ራሱ ዘጋው አልኩት።

ቆርቆሮውን እየከደነ «እና ዋጋው ይቀነስ ልትሉኝ ነው?» አለ።